አባዬ እስፒል አልነከሰም

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ዕቃ ስታነሳ የተቀጨው ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ እየደገፍከው ነው የምትነሳው? የሌሊት ፈረቃውንስ ለቀቅህ ወይስ አሁንም ሰው ሲነሳ ነው የምትተኛው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ድምፅዋን እንጂ መልኳን በወጉ ሳላውቅ እህቴ ካልኳት ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ጉንጯን በኔ ስም ሳምልኝ፤ በራስህ ስም የሳምከውን እንዳትቆጥርልኝ ደግሞ።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ፣ ደብዳቤ ሲጀመር “ካንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን” ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ ሰው ገና በሩ ላይ ሳለ አይደነግጥም ትለኛለች። ናፍቆትህ እውነት ነው፣ ጻፍኩት። “ደህና ነን” የሚለውን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን ይሠራል እንደምትል አውቃለሁ። ግን የአባዬን ነገር ገና ከአፌ ሳላወጣው “እሱን ተዪው፣ ሌላ አውሪኝ” ትለኛለህ። ሁለት ጊዜ ልነግርህ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኔትወርኩ ተቋረጠ አልከኝ። ኔትወርኩ የሚቋረጠው የአባዬ ስም ሲነሳ ብቻ ነው እንዴ ወንድም ጋሼ? ደግሞም ቤታችንን ታውቀዋለህ። ፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት ሱቅ፣ ኋለኛው መኖሪያ፣ መሃሉ መጋረጃ፤ ጓዳ የተነገረ ሱቅ ይሰማል። ወረቀት ግን አይጮህም፣ አይቋረጥምም። ስለዚህ ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ።

አባዬ ታሟል። የበሽታው ስም ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን ካወቅነው አምስት ወር ሆነን፤ እሱን ከያዘው ግን፣ ሐኪሙ እንደሚለው፣ ዓመታት ሳይሆኑት አይቀርም። እስከ ዛሬ ያልነገርንህ እሱ ራሱ “ልጄን በሰው አገር አታሸብሩብኝ” ብሎ ስላስማለን ነው። መሐላውን ዛሬ ማፍረሴ ነው፣ ኩነኔው በኔ ይሁን። የማፈርሰውም መታመሙን ላሳውቅህ ብቻ ብዬ አይደለም። አንተ ተቀይሞኛል ብለህ የራቅከው አባትህ አልተቀየመህም። የታመመው ፊቱ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እንድታምነኝ ከሥሩ ልጀምር። እስፒሉን ታስታውሳለህ? አባዬ ልብስ ሲለካ እስፒሎቹን በከንፈሮቹ መሃል ደርድሮ ይይዝ ነበር። የሚለካ ልብስ በሌለበትም፣ ደንበኛ ሲጨቀጭቀው ወይ እኛ ስናጠፋ፣ ክፉ ቃል እንዳይወጣው እስፒል ያነሳና ይነክሳል። “ዝም አይነቅዝም” ይል ነበር ሁልጊዜ። እማዬም በዓይኗ ትጠቅሰንና “እስፒል ነክሷል፣ ዞር በሉለት” ትለናለች። የቤታችን ሕግ ይኸው ነበር፤ እስፒል የነከሰን ሰው ማንም አያናግርም፣ ራሱ እስኪተፋው ይጠበቃል። ቆይቶ ቆይቶ እስፒሎቹን በሚያስቀምጥባት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ያንጠባጥብና “ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?” ካለ ዕርቅ ወረደ። አንተም ያንን ሰምተህ ከጓዳ ብቅ ስትል “ና ቁልፌ” ይልሃል፤ በሕፃንነትህ የሰው ኮት ቁልፍ ውጠህ ሰፈሩን ያሯሯጥክበትን ቀን እስከ ዛሬ ሳይረሳልህ።

ሌላ ሰው ቤት፣ አባት ዝም ሲል “ምን ሆንክ?” ይባላል። እኛ ቤት ዞር ይባላል። ጉዳችን የመጣው በዚህ በኩል ነው።

በመጀመሪያ የሄደው አፍንጫው ነው። አንድ ቀን ካውያው የአንድ አስተማሪ ኮት ገበር ላይ ተረስቶ፣ ጭሱ እኔን ከጓዳ እያሳለ ሲያመጣኝ፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መርፌ ላይ ክር ያስገባል። ምንም አልሸተተውም። ለአስተማሪው አዲስ ገበር ሰፍቶ ሰጠውና ያን ቀን ሙሉ ዝም አለ። እስፒል ነከሰ አልን። ከዚያ ጨርቅ ላይ በሳሙና የሚጽፋቸው የልክ ቁጥሮች ማነስ ጀመሩ፤ ድሮ መዳፍ የሚያህል የነበረው የስምንት ቁጥር ምስር አከለ። እኔ ዓይኔ ደክሞ መስሎኝ መነጽር ልገዛ ነበር። ቀኝ እጁን ደግሞ ኪሱ ከቶ መሄድ አመጣ። እማዬ “በስተርጅናው ጎረምሳ ሆነ” ብላ ሳቀችበት። ለካ የሚንቀጠቀጠውን ደብቆን ነው።

ከዚያ ፊቱ ተከተለ። የአባዬ ሳቅ ትዝ ይልሃል? ከንፈሩ ሳይሆን ጉንጩ ነበር ቀድሞ የሚስቀው። ያ ጉንጭ ቀስ በቀስ ቆመ። ቀልድ ስንነግረው ያየናል እንጂ አይስቅም። ስንጠይቀው ይዘገያል፣ ሲመልስም ድምፁ ከደረቱ ሳይወጣ ይቀራል። ደንበኞች “እኚህ ሰውዬ ፊት ነሱን” እያሉ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። እኛስ ምን አልን? በማን እንደተቆጣ እስኪታወቅ ዞር እንበልለት አልን። እማዬ በኔ ነው ትላለች፣ እኔ በኔ ነው እላለሁ። ምግቡን አስቀምጠንለት፣ ድምፃችንን ቀንሰን፣ በዳር በዳር እየሄድን ከዓመት በላይ እስኪተፋው ጠበቅን። አፉ ውስጥ ግን አንድም እስፒል አልነበረም።

አንተ የደወልከው በዚህ መሃል ነው። ማግባትህን ልትነግረን፣ በቪዲዮ፣ ሚስትህን ከጎንህ አስቀምጠህ፣ ኮሌታህን አሥር ጊዜ እየነካካህ። እማዬ እልል አለች። እኔ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። አንተም “አባዬ፣ ሳላማክርህ በመሆኑ ይቅር በለኝ” አልከው። እሱ አየህ። ዝም ብሎ አየህ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ጠበቅህና ያንን ስትከፋ የምትስቀውን ሳቅ ስቀህ “ገባኝ፣ እስፒል ነክሷል” ብለህ ዘጋህ። አልፈርድብህም፤ ነገር በዓይን ይገባል፣ ያየኸውን አመንክ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ያንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእማዬ ድምፅህ፣ ለኔ አጭር መልእክትህ፣ ለአባዬ “ሰላም በሉልኝ” ብቻ ሆነ።

ያን ቀን ግን አባዬ ተናግሮ ነበር። ቃሉ የወጣው አንተ ከዘጋህ በኋላ ነው። አሁን እንደተረዳነው መልሱ ከሐሳቡ ተነስቶ አፉ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። የጠቆረውን ስልክ እያየ በዚያች በተዳፈነች ድምፁ ሲናገር፣ እማዬ እልልታዋን ለጎረቤት ልታደርስ ወጥታለች፣ እኔም ተቆጥቷል ብዬ ወደ ጓዳ አምልጫለሁ። ማንም አልሰማውም። ምን እንዳለ የነገረኝ የበሽታውን ስም ካወቅን በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ቁልፍ ስንለይ ነው። “ልኳን ላክልኝ” ነበር ያለው። የሚስትህን ልክ፣ የሙሽርነት ቀሚስ ሊሰፋላት። ልኩ ሳይመጣ ቀረ። እሱም በበኩሉ “ልጄ የኔን ስፌት አፍሮበት ነው” አለና ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። አንተ ወዲያ እሱ ወዲህ፣ እንደዚህ ተከፋፍታችሁ ከረማችሁ።

ያነቃችን አንዲት ነርስ ናት፤ ጋዋኗን ልታስጠብብ የምትመጣ ቀጭን ልጅ። አባዬ ወገቧን ሲለካ ሜትሩ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየች። ወደ መስታወቱ ሲሄድ አንድ እግሩን ሲጎትት አየች። ቀና ብላም ፊቱን አየች። ውጭ ጠርታኝ “አባትሽ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት መቼ ነው?” አለችኝ። ተቆጥተው ነው አልኳት። በማን ነው የተቆጡት ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ሰው በሰፈሩ ሰው ሁሉ ላይ ዓመት ሙሉ ሊቆጣ አይችልም ብላ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንድንወስደው ነገረችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን አይቸኩልም። አባዬን አስነሳው፣ አስኬደው፣ በሩ ጋ አዞረው፣ ጣቶቹን እንዲያነካካ አዘዘው፣ ስሙን አስጻፈው። ይህን በሽታ እንዲህ ነው ብሎ ለይቶ የሚናገር የደም ምርመራ የለም፣ የምናውቀው ሰውየውን ራሱን አይተን ነው አለን። ጭንቅላት ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያስተላልፍ አንድ ቅመም አለ፣ ያንን የሚሠሩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ እያለቁ ነው፤ ለምን እንደሚያልቁ እስካሁን በደንብ አይታወቅም። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ የሚያግዝ ግን አለ። አይተላለፍም። ንዴት አላመጣውም፣ ዓይን አላመጣውም፣ የማንም እርግማን አይደለም። መንቀጥቀጡን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የፊቱን መድረቅ፣ የድምፁን ማነስና ዝግመቱን ግን ሰው እንደ ጠባይ ነው የሚቆጥርበት አለን።

እማዬ እስከዚያ ድረስ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እዚህ ላይ “ይቅርታ ዶክተር፣ እንግዲያው እኔን ጠልቶኝ አይደለም ማለት ነው?” አለችው። ወንድም ጋሼ፣ እናታችን ያን ሁሉ ጊዜ እየቀለደች፣ እየሳቀች፣ ባሌ ጠልቶኛል የሚለውን በሆዷ ይዛ ኖራለች። ሐኪሙ አቀርቅሮ “አይደለም እናቴ” አላት። አባዬን አየሁት። ፊቱ ያው ነው። ቀኝ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ያን ያህል ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም፣ እንባውም በዚያ በማይንቀሳቀስ ጉንጭ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስሜቱ ሲነካ መንቀጥቀጡ ይብስበታል ተባልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን የማየው ከፊቱ ሳይሆን ከእጁ ነው።

ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ምን እንደሚሰማው ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቄ ነው። ብዙ ቆየ። በኋላ “የስፌት መኪናዬን ፔዳል እረግጣለሁ፣ ቺንጋው ላልቶ መንኮራኩሩ አይዞርም” አለኝ። ከሐኪሙ ሁሉ ይልቅ እሱ ነው ያስረዳኝ።

እንዴት ናችሁ ካልከኝ፣ የምንኖረው በኪኒን ነው። በሰዓቱ ካልተዋጠ ቀኑ ሁሉ ይዛባል። ሲሠራለት ይራመዳል፣ ይቀልዳል፣ ጥብቅ ስፌት እያየ ይተቻል። ሲያልቅበት ደግሞ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ኮት ይቀራል። ሰዓት ጠጋኙ ጎረቤታችን አንድ የሚያንባርቅ ሰዓት አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለልን፤ የኪኒኑ ሰዓት ሲደርስ ሦስት ሱቅ ድረስ ይሰማል። “አንተ መቆም አቃተህ፣ የኔ ሰዓቶች መሄድ አቃታቸው፤ ምናለ ብንካፈል” ይለዋል አባዬን። አባዬ እጁን ከፍ ያደርጋል። ሳቅሁ ማለቱ ነው፣ ተስማምተንበታል። እጅ ከፍ ሲል ሁላችንም እንስቃለን።

መጋረጃው ጋ ሲደርስ ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሐሳቡ ተሻግሮ እግሩ ይቀራል። አትግፉት፣ አትጎትቱት፣ መሬቱ ላይ መስመር ብታሰምሩለት መስመሩን ለመሻገር እግሩ ይነሳል አሉን ሐኪም ቤት። በልብስ መቁረጫ ሳሙናው ከሱቅ እስከ ጓዳ አሰመርኩለት። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቆየና “ጠማማ ነው” አለኝ። ማስመሪያውን አምጥቼ ደምስሼ ደግሜ አሰመርኩ። ያኔ ተሻገረ። ይኸው በየጠዋቱ ቤት ከጠረግሁ በኋላ ሥራዬ ይህ ነው።

ቁልፉ ነው የሚያንገበግበኝ። የዚህን መንደር ሰው ሁሉ ደረት ሲቆልፍ የኖረ እጅ የራሱን ሸሚዝ መቆለፍ ተሳነው። ቁልፍ የሌለው ልስፋልህ ስለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ለካ ዓይኑ መቆጣት አልረሳም። አሁን እማዬ ናት የምትቆልፍለት። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እሷ እንደሆነች ታውቃታለህ፣ “ወጣት ሳለህ እንዲህ ቆሞ ማስቆለፍ የት ነበር?” እያለች ከላይ እስከ ታች ትለፈልፍበታለች። አሁን አይዞርም። የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጨርስ በሚንቀጠቀጠው እጁ ትከሻዋን ይነካታል፣ እሷም ወደ ጓዳ ትገባና ቶሎ አትወጣም።

መቀሱን የሰጠኝን ቀን ልንገርህና ይብቃኝ። አንድ ሙሽራ ጥሩ ሱፍ አምጥቶ ነበር። አባዬ ጨርቁን ዘረጋ፣ ለካ፣ አሰመረ፣ መቀሱን አነሳ። መቀሱ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጁ ቀኙን ያዘው፣ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መቀሱን አዙሮ እጀታውን ወደኔ ሰጠኝ፤ “እኔ በአፌ፣ አንቺ በእጅሽ” አለኝ። አንተ ብትኖር ላንተ ነበር የሚሰጥህ። ስቆርጥ እንባዬ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። “ሱፍ ውሃ አይወድም” አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እኔ እሰፋለሁ። መኪናው ሲጮህ ድምፁ ስለማይሰማኝ ከንፈሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ። ሥራው ይጓተታል፣ ደንበኛ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ይብቃኝ ብዬ ነበር፣ ግን የመጣሁበትን ገና አልነገርኩህም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ክር ልገዛ ወጥቼ ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ። አባዬ ደንበኛ በሚቆምበት በትልቁ መስታወት ፊት ቆሟል። አላየኝም። የሁለት እጆቹን ጣቶች ከንፈሩ ዳርና ዳር አድርጎ ወደ ላይ ይስባል። ይለቀዋል፣ ከንፈሩ ይወርዳል። ደግሞ ይስባል። ጣቶቹ ስለሚንቀጠቀጡ ሳቁ ይጣመምበታል፣ ያስተካክለዋል፣ ይለቀዋል፣ ይወርዳል። ምን እያደረግክ ነው አባዬ አልኩት። ጠበቅሁት፤ አሁን መጠበቅ ለምጃለሁ። “ቁልፌ ሲደውል እንዳላስደነግጠው” አለኝ።

ክሩን ሳልገዛ ዋልኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ እውነት ነው፤ እኔ ግን የማለቅሰው ለሱ ይሁን ላንተ መለየት አቃተኝ። ልቤ ተሰብሯል ወንድም ጋሼ። አንተ ፊቱን ፈርተህ አትደውልም፣ እሱ ላንተ የሚሆን ፊት መስታወት ላይ ይሠራል።

ሐኪሙ የሚመጣውን አልደበቀንም። ድምፁ እያደር ያንሳል። መዋጥ ሊያስቸግረው ይችላል። አንዳንዱን ሰው ሐሳቡም ይደክመዋል፤ ማንን፣ መቼ፣ ማንም አያውቅም። ድምፁ እንዲቆይለት በየጠዋቱ “አ” እያለ እንዲጮህ ታዞለታል፣ ይጮሃልም፤ አዲሷ ተከራይ ሰው የሚታረድ መስሏት እየሮጠች መጥታ ነበር። ግን ያን ሁሉ ጮሆ የሚያተርፋት ድምፅ ያቺው ትንሿ ናት። ያቺ ሳታልቅ ስማት። ሌላ ነገር አልለምንህም። ብር አልልህም፣ ሥራህን ጥለህ ና አልልህም፤ መምጣቱን አንተ ታውቃለህ። ደውልለት ነው የምልህ። በቪዲዮ ደውል፣ ጠዋት፣ ኪኒኑ ከሠራለት በኋላ። ፊቱ ዝም ቢልህ አትዝጋ። ጠይቀው፣ ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቀው፤ ስልኩን የዘጋ ቢመስልህም ጠብቀው፣ መልሱ መንገድ ላይ ነው። እኔ ስልኩን ዝቅ አድርጌ እጁን አሳይሃለሁ። እጁ ከተንቀጠቀጠ አንተን አይቶ ነው።

እዚህ ላይ ደርሼ ተያዝኩ። የሰዓት ጠጋኙ ሰዓት አንባረቀ፣ ኪኒኑን ልሰጠው ስነሳ አባዬ መስመሮቹን ተሻግሮ ከኋላዬ ቆሟል። ለማን ነው አለኝ። መዋሸት አቃተኝ። መሐላሽስ አለኝ። አፈረስኩት አልኩት። እስፒል ፍለጋ እጁን ወደ ቆርቆሮ ክዳኑ የሚሰድ መስሎኝ ነበር፣ አልሰደደም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አንብቢልኝ አለኝ። ከመጀመሪያው አነበብኩለት። እማዬ መጋረጃው ኋላ ስትናፈጥ ይሰማኛል። የመስታወቱ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ቆየና “ዘለልሽ” አለኝ። አነበብኩለት። ስጨርስ “ዝም አይነቅዝም ስል የኖርኩት፣ ለካ ይነቅዛል” አለ። ከዚያ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ጠየቀኝ።

እንግዲህ ሰላምታውን ልጨርስ። እማዬ ዓይንህን፣ ግንባርህን፣ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች፤ ጾምህን አትደር፣ ሚስትህን አታስቀይም፣ ብርድ አይምታህ ትላለች። ሰዓት ጠጋኙ በጣም ናፍቆሃል፤ ጥለኸው የሄድከው የእጅ ሰዓትህ ተሠርቷል፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመቅረቱ በቀር ምንም አልሆነም ብሏል። ነርሷ፣ ባታውቅህም፣ ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ ብላኛለች። ለባለቤትህ የሁላችንን ሰላምታ አንድ በአንድ ንገራት፤ የምንናፍቃት ገና ሳናያት መሆኑንም። እኔም ታናሽ እህትህ፣ እጄ በመቀስ ጠጥሮ፣ ምላሴ ግን እንደ ድሮው ሳይጠጥር፣ በናፍቆት ሰላም እልሃለሁ።

ከዚህ በታች ያለችው የአባዬ ናት። ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ ጀምሮ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ነው የጻፋት። ፊደሎቹ እየሄዱ ስለሚያንሱ ወደ መስኮት ጠጋ ብለህ አንብባት፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ነጥቦች አይደሉም፣ ፊደል ናቸው። ቀሚሱን ማን እንደሚሰፋው አልጠየቅሁትም። እሱ ይናገራል፣ እኔ እቆርጣለሁ።

እህትህ
ከሱቁ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፮ ቀን

ቁልፌ ልኳን ላክልኝ